የተከፈተው ካርቶን

ሁዘይፋ የባንክ ካርዱን በራውተሩ ወገብ ስንጥቅ ውስጥ አስገብቶ ወደ ላይ ሲያነሳው፣ የፕላስቲኩ ጥርስ ቋ ብሎ ለቀቀ። ቀና ብሎ በሩን አየ። ውጭ፣ ቡልጋሪያ መንገድ ላይ፣ የታክሲ ረዳቶች «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ» እያሉ ይጣራሉ፤ ባለሱቁ ጋሼ ዓብዱልሀኪም ግን ገና ከመስጊድ አልተመለሱም።

ሱቁን አደራ ብለውት ነው የሄዱት። ሲወጡ አብሯቸው ይሰግድ እንደሆነ ጠይቀውት ነበር፤ እሱም ቤት ደርሶ እንደሚሰግድ፣ እስከዚያ ሱቁን እንደሚጠብቅላቸው ነገራቸው። ደስ አላቸው። ካዛንቺስ የነበረው ሱቃቸው ሳይፈርስ ጀምሮ የሚያውቁት የሰፈር ልጅ ነው፤ ተምሯል፣ በዚያ ላይ ጨዋ ነው። ጨዋው ልጅ ታዲያ ጋሼ ጥጉን እንደታጠፉ ከመደርደሪያው አንድ አዲስ ካርቶን አውርዶ ማሸጊያውን በምላጭ ቀስ አድርጎ አላቀቀው።

ሁዘይፋ ከጓደኞቹ ከናኦድና ከዮሃና ጋር ሆኖ ለቤት ራውተር የሚሆን ሶፍትዌር ይጽፋል፤ ማንም በነፃ ወስዶ የሚጭነው፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት የሆነ። እስከ ዛሬ ሲሠሩበት የኖሩት ራውተር አርጅቶ አዲሱን ሥራ አልችልም ብሏል። ስለዚህ ሌላ መምረጥ ግድ ሆነ፤ ምርጫውም ለሁዘይፋ ተሰጠ። የሚገዙት አንድ ብቻ ነው። እሱ ከተሳሳተ የሦስቱም ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። ክፋቱ ደግሞ አንዳንዱ ራውተር ካርቶኑና ስሙ ያው ሆኖ ሆዱ ሌላ ነው፤ ውስጡ ያለው ቺፕ የትኛው እንደሆነ ከፍተው ካላዩት አይታወቅም። ለመክፈት ባለሱቁን መጠየቅ ነበረበት። ጠይቆ እምቢ ከሚሉት ሳይጠይቅ ማየቱን መረጠ።

ክዳኑን ገለጥ አደረገው። ቺፑ የማይፈልገው ነው፤ አምራቹ ኮዱን ለማንም የማይሰጥ፣ ለእነሱ ሥራ የማይሆን። «በቃ፣ አይሆንም» አለ ለራሱ። ሊገጥመው ክዳኑን ሲያዞረው ከአንቴናዎቹ የሚመጡት ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ተስበው ኖሮ ከሥራቸው ተበጠሱ። ያለ እነሱ ዋይፋይ የሚባል ነገር የለም። ሽቦውን መልሶ የሚያያይዝበት መበየጃ ያለው ቤቱ ነው። ክዳኑን ገጠመው፣ ካርቶኑ ውስጥ መለሰው፣ ማሸጊያውን በአውራ ጣቱ አሽቶ አጣበቀና ከመሰሎቹ በላይ አስቀመጠው። ሲመጡ እነግራቸዋለሁ አለ። ከልቡ ነበር ያለው።

ጋሼ ዓብዱልሀኪም ሲመለሱ ብቻቸውን አልነበሩም። ከሱቁ ጀርባ ልብስ የምትሰፋው ጽጌሬዳ አብራቸው ነበረች። መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሯ ተቃጥሎባት፣ ደንበኞቿ ትእዛዝ የሚልኩላት በኢንተርኔት ነውና ከጠዋት ጀምሮ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች። ጋሼ እያጽናኗት እጃቸውን ወደ መደርደሪያው ሰደዱና ከላይ ያገኙትን ካርቶን አነሱ።

«ይሄን ውሰጂ» አሏት። «ሁዘይፋ፣ እስቲ ንገራት፤ አንተ ታውቃለህ።»

ሁለቱም አዩት። ሳላስፈቅድዎ ከፍቼ አበላሸሁት ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ምላሱ ላይ ደርሶም ነበር።

«ጋሼ፣ እሱ እንኳን… ማለቴ፣ ሞዴሉ ጥሩ አይደለም። ቺፑ ችግር አለበት። ያኛውን ብትወስድ ይሻላታል።»

ውሸት እንዳልሆነ ለራሱ ነገረው። ለእሱና ለጓደኞቹ በእርግጥም ጥሩ አይደለም። ልብስ ሰፊዋ ግን ኮዱ ተከፈተ ተዘጋ ምን ገዷት፤ ሽቦው ባይበጠስ ኖሮ ለዓመታት ያገለግላት ነበር። ይህን ሲያስብ ፊቱ ጋለ።

ጋሼ ካርቶኑን አገላብጠው አዩት። ጣታቸው ማሸጊያው ላይ ደረሰ። እሳቸው ግን የሚያነቡት ስሙን ነበር።

«ሁሉም እንዲህ ናቸው?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አዎ።»

ከዚያ በላይ አልጠየቁም። ለጽጌሬዳ ከሌላው ዓይነት ሰጧት፤ ቀጥለው በርጩማ ላይ ወጡና የዚያን ሞዴል ካርቶኖች አንድ በአንድ ያወርዱ ጀመር። ካዛንቺስ ከፈረሰባቸው በኋላ ሱቁን መልሰው ያቆሙት በዚህ ዕቃ ነው፤ ከመደርደሪያው ግማሹ እሱ ነው። ሁዘይፋ ይህን ያውቃል። አንድ ካርቶን በወረደ ቁጥር መናገር የነበረበት ነገር ይበልጥ ይከብደው ጀመር።

«ይተዉት ጋሼ፣ ለሌላ ሰው ይሆናል እኮ» አለ እንደምንም።

«ብልሽቱን አውቄማ እንዴት እሸጣለሁ? ሐራም ነው» አሉ፣ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩት። ሜክሲኮ ላሉት ነጋዴ ወዳጆቻቸውም ማታ ደውለው እንደሚነግሯቸው ጨመሩ፤ እነሱም የሰው ዕዳ እንዳይገቡ። ጽጌሬዳ እንዲህ ያለ ልጅ ለወለደች እናት እግዜር ዕድሜ ይስጣት አለች። ሁዘይፋ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። መናገር ነበረበት፤ አሁንም ይቻል ነበር። ቁልቁል ጫማውን አየ።

የመደርደሪያው ግማሽ ባዶውን ቀረ። ጋሼ ከበርጩማው ወርደው ላባቸውን በኩታቸው ጫፍ ጠረጉና መዳፎቻቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

«ያ አላህ፣ ይህን ልጅ ጠብቅልን። ዕውቀቱን ጨምርለት። እሱ ባይኖር ዛሬ የሰው ሐቅ በልቼ ነበር።»

ጽጌሬዳ ካርቶኗን ብብቷ ውስጥ እንደያዘች አንገቷን ደፋች። ሁዘይፋም እጆቹን ዘረጋ። «አሚን» የሚለው ቃል ከሁሉም ቀድሞ የወጣው ከእሱ አፍ ነበር።