በክብ ውስጥ የተጻፈች ፊደል

በሰፈሩ ግንብ ሁሉ ላይ፣ በክብ ውስጥ፣ በነጭ ኖራ አንዲት ፊደል ተጽፋለች፤ «ቻይ»። ይፍረስ ማለት ነው። የተጻፈችበት ሰው ዕቃውን ጠቅልሎ ሊፍት ወዳለው አዲስ ፎቅ ይገባል። የቤጂንግ ሰው ይህችን ፊደል ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልገውም።

ባዶ የቀረው የሽማግሌው የፌንግ ግንብ ብቻ ነው። ቀቢው የመጣ ዕለት ፌንግ ጡብ ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«በረሃቡ ዘመን የዛፍ ቅርፊት የበላሁት እዚህ ቤት ነው» አለ፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ። «ያቺ ፊደል ግንቤ ላይ ካላረፈች ንቅንቅ አልልም። የሚያሳርፋት ወንድ ካለ ይምጣ።»

ማንም አልመጣም።

ብርዱ ገባ። ሚስቱ ሩይሊያን ጉልበቷን ያማታል፤ የጋራው መጸዳጃ ቤት ደግሞ መንገዱ ጫፍ ላይ ነው።

«መቶ አርባ እርምጃ» አለችው አንድ ቀን ስትመለስ።

«ሰው ፊት ምያለሁ።»

«መሐላህ ላይ ይቀመጡበታል?»

ፌንግ ወጥቶ እንደየዓመቱ የሮማኑን ዛፍ ግንድ ኖራ መቀባት ጀመረ። ዘንድሮ የነጣው እስከ ግማሹ ብቻ ነው። ኖራው አለቀ፣ አለ።

በሳምንቱ ጠዋት ፊደሏ ግንቡ ላይ ተገኘች። ፌንግ ሰፈሩን በጩኸት አናወጠው። የሰፈሩ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ሚያዎ እየሮጠ መጣ።

«ጋሼ፣ ከእኛ ማንም አልጻፈም። ቤትዎ ዝርዝሩ ውስጥ አለ፤ ግን ጡብዎን ማን ረስቶ?»

«ታዲያ በራሷ በቀለች?»

ጡረተኛው መምህር ኬ መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለ። «ግራዋ እጅ ነው፣ ቀኟ መጥረቢያ። እጅ መጥረቢያ ሲያነሳ ቤት ይፈርሳል። የዚህኛው እጅ ግን ስድስት ጣት አለው፤ መጥረቢያውም ጭልፋ መስሏል። አንደኛ ክፍል ቢሆን አስደግመው ነበር።»

«ምኗ ነው የሚያስቀው?» አለ ፌንግ ጆሮው ቀልቶ። «ከሩቅ ትነበባለች።»

ፌንግ በጣት አሻራ የሚፈርም ሰው ነው። ሩይሊያን ግን ሁለተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች። ሰው ሁሉ ቀስ ብሎ ወደ እሷ ዞረ።

«እኔ አይደለሁም» አለች።

«አይደለሽም፣ አይደለሽም» አለ መምህር ኬ፣ ጉልበቷን እያየ።

ፌንግ ጡቡን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ወንድ ከቃሉ አይወጣም። አርፋለች፤ እሄዳለሁ።»

አዲሱ ቤት አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መጸዳጃው ሰባት እርምጃ። የቀድሞ ጎረቤቶቻቸው ሊጠይቁ በመጡ ቁጥር ሩይሊያንን በአውራ ጣታቸው ያደንቋታል፤ እሷም ማስተባበሉ ሰልችቷት ትታዋለች። ፌንግ ጥግ ላይ ተቀምጦ፣ በሚስቱ የተሸነፈ ሰው ሆኖ ሻዩን ይጠጣል።

የመጨረሻውን ሣጥን ስትፈታ ከባሏ የብርድ ጫማ ውስጥ የታጠፈ ጋዜጣ ወጣ፤ ከዳር እስከ ዳር በእርሳስ የተሣሉ አርባ እጆችና አርባ መጥረቢያዎች፣ የመጀመሪያው እጅ አሥራ ሁለት ጣት፣ የመጨረሻው ስድስት።