ጥቁር ልብስ ለባሕር

እናት ልጇ ገዝታ ያመጣችላትን፣ ጭኗ ላይ የተቀመጠውን ከረጢት ሳትከፍት በሁለት እጇ ይዛ ቆየች። ልጇ ዜማ ከሚኖሩባት ከሜስኪት ከተማ ወደ ፖርት አራንሳስ የሚወስደውን መንገድ በስልኳ እያሳየቻት ነበር። በዚያች ትንሽ የባሕር ዳርቻ ከተማ ማዕበል ላይ በሰሌዳ መንሸራተት ሊማሩ ነው። "ሆቴሉን ቡክ አድርጌዋለሁ፣ እማዬ። ቅዳሜ እዚያ ነን" አለች ዜማ። እናት ግን ከረጢቱ ውስጥ ያለውን የመዋኛ ልብስ ቀለም ታስብ ነበር። ባሏን ከቀበረች ወዲህ ከል አላወለቀችም። ዘመድ ወዳጁ "አሁንስ ይበቃል፣ አውልቂው" ሲላት ዝም ብላ ታሳልፈዋለች፤ ልጇ ግን አንድም ቀን ይህን ብላት አታውቅም። ዛሬ ተራው የእሷ መሰላት። ለሌላው ዝም ማለት ይቻላል፤ ለዜማ ምን ትላታለች?

"ክፈቺው እንጂ! ሳይዙ ካልሆነሽ ለሱቁ ሪተርን አደርገዋለሁ።"

ከፈተችው። ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ወፍራም የጎማ ልብስ ነበር፤ ከላይ እስከ ታች ጥቁር። ቀና ብላ ልጇን አየቻት።

"ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ሶ ሁሉም ይሄንን ነው የሚለብሰው" አለች ዜማ፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል። "ጥቁርሽን አታወልቂም።"

እናት ልብሱን ደረቷ ላይ አድርጋ ለካችው። ትከሻዋ ቀስ ብሎ ወረደ።

"ሁሉም ጥቁር?"

"ሁሉም።"

"ኧረ ጉድ! ታዲያ ያ ሁሉ ሰው ማን ሞቶበት ነው?"

ዜማ ደንግጣ አየቻት፤ እናቷ ግን ቀድማ እየሳቀች ነበር። ሳቋ ሲበርድ ልብሱን አጣጥፋ ሻንጣው ውስጥ፣ ከጥቁር ነጠላዋ ጎን አስቀመጠችው።