ያለ ኤኮ

ኤልዳናን ሳሎን ውስጥ ሳፋ ላይ አቁሜ ፀጉሯን እያጠብኳት ነበር። ልጄ አረፋው እንዳይገባባት ዓይኗን ጥርቅም አድርጋ ጨፍናለች።

እሷ ሳትወለድ በወጣው ሕግ የተነሳ የማንም ሰው ድምፅ ጉሮሮው ላይ በተተከለች ማሽን ሳይለሰልስ አይወጣም። ብቆጣም ብታመምም ከአፌ የሚወጣው ማር ነው። አንገሸገሸኝ! ሰርግ ላይ ኪቦርድ ስጫወት ኮምፒውተሩ የሚጨምረውን ኤኮ የማጠፋው በእግር ፔዳል ነበር። ያንኑ ፔዳል በድብቅ ከጉሮሮዬ ማሽን ጋር አገናኘሁት። ልጄ አንዴ እንኳ የራሴን ድምፅ ትስማው ብዬ ሳፋው አጠገብ ያስቀመጥኩትን ፔዳል ረገጥኩት።

«ኤልዱ፣ የኔ እናት» አልኳት። ወፍራም፣ ሻካራ፣ የእኔው ድምፅ!

እጄን ከራሷ ላይ ገፈተረችው። «ማነሽ አንቺ? አትንኪኝ!»

«እኔ ነኝ እኮ፣ እናትሽ።»

«እማዬ! እማዬ ድረሽልኝ! ሰው ገብቷል!»

ዓይኗን ልትገልጥ ስትሞክር አረፋው አቃጠላት። ምን ላድርግ? ፔዳሉን መልሼ ረገጥኩት።

«መጣሁ፣ የኔ ማር።»

አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «እማ፣ ያቺ ሴትዮ ሄደች?»

«አዎ፣ ሄዳለች» አልኳት። ለቅሶዬ በማሽኑ በኩል ሲወጣ እሹሩሩ ይመስል ነበር።