የቢያድግልኝ ዱካክ

መካነ ሰላም ውስጥ እንደ አናጢው ቢያድግልኝ ብዙ ተኝቶ እንደ እሱ እንቅልፍ ያጣ ሰው የለም። በጠራራ ፀሐይ መጋዝ እንደያዘ ያንቀላፋል። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ያንቀላፋል። ባለፈው ወር የነቃው መዶሻውን አውራ ጣቱ ላይ አሳርፎ ነው። ጧት ጧት ራሱን ይፈልጠዋል። ጤና ጣቢያ ሄዶ፣ ደም ግፊት አለብህ፣ ውፍረትህን ቀንስ ተብሏል። አንገቱ እንደ ራሱ ወፍራም ነው፤ ምክሩን ግን አልወደደውም። ሰው ጥፋቱን ከሌላ ላይ ሲያገኘው ይቀለዋል።

እሱም ከሚስቱ ከየኔአለም ላይ አገኘው።

ቅዳሜ ከሰዓት ሽማግሌ ተቀመጠ። ሰብሳቢው ሼህ ሙሐመድኑር ነበሩ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ትዳሩ ሲናጋ የሚጠራው እሳቸውን ነው።

«ዐሥር ዓመት ሙሉ ዱካክ ይጫነኛል እያልኩ ጠበል ስመላለስ ነበር» አለ ቢያድግልኝ። «ዱካኩ ለካ ከጎኔ ነው የተኛችው! ወላሂ፣ ጭልጥ ብዬ ስተኛ በክርኗ ጎኔን ትደቃኛለች። በአንድ ሌሊት አራት አምስት ጊዜ!»

ሸሚዙን ገልቦ የበለዘ ጎኑን አሳየ።

የኔአለም መሬት መሬቱን ታያለች። ዓይኗ ደም መስሏል፣ ፊቷ ገርጥቷል። ክፋት እንዲህ ያከሳል ተባባሉ ጎረቤቶች።

የቢያድግልኝ ታላቅ እኅት አሰጋሽ ተነሣች። ይቺን ሴት ከሠርጉ ቀን ጀምራ ማየት አትወድም።

«ለፋሲካ እነሱ ዘንድ አድሬ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ» አለች። «ወንድሜ ተኝቷል። እሷ ቁጭ ብላ እጇን አፍንጫው ላይ አድርጋለች። ልታፍነው!»

ጉምጉምታ ሆነ።

«እውነት ነው ልጄ?» አሉ ሼህ ሙሐመድኑር።

«እውነት ነው አባቴ። ሲያንኮራፋ ቆይቶ ቆይቶ ድንገት ጸጥ ሲል…»

«እና የማያንኮራፋ ወንድ የት አለ?» አሰጋሽ አላስጨረሰቻትም። «ስላንኮራፋ ይታፈን?»

«አንድ ሌሊት ብተወው ታዩት የለ!» አለች የኔአለም፣ ድምፅዋ ተሰብሮ።

«ሰማችኋት? ስትዝት ሰማችኋት?»

ቤቱ ተደበላለቀ። የኔአለም ሁለቴ አፏን ከፈተች፤ ሁለቴም ነፍሰ ገዳይ አሏት። ሦስተኛ አልሞከረችም። እሷስ መቼ ትተኛለች ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

«ያረቢ! ነገር ሳይከፋ ይለያዩ» ብለው ሼሁ ፈረዱ። የኔአለም ለአንድ ወር ከላላ ከተማ እናቷ ዘንድ ትሂድ ተባለ።

እሑድ ጧት ሚኒባስ ስትሳፈር አሰጋሽን ክንዷን ያዘቻት። «እኅቴ፣ በሞቴ፣ ከአጠገቡ እደሪ።»

«አንቺ ካልነካሽው ማንም አይነካውም» አለቻት አሰጋሽ፣ እጇን አስለቅቃ።

ማታ አሰጋሽ በሩ ሥር አነጠፈች። የቢያድግልኝ ማንኮራፋት ጣራውን አናወጠው። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ቤቱ ጸጥ ሲል አሰጋሽ አማተበች። «ተመስገን! ይኸው፣ ገና አሁን ደህና እንቅልፍ ወሰደው» አለች፤ እሷም ተኛች።

ሰኞ ጧት አልተነሣም። በር የሚያሠራ ደንበኛ ሊጠይቀው ቢመጣ አሰጋሽ ከደጅ መለሰችው። «ዐሥር ዓመት የተቀማውን እንቅልፍ ይተኛበት እንጂ!»

አራት ሰዓት ላይ ቁርሱን ይዛ ገባች። ጠራችው። ደግማ ጠራችው። ብርድ ልብሱን ገፈፈችው።

ጩኸቷን ሰምቶ ሰፈሩ ተሰበሰበ። ወደ ከላላ መደወል ግን የእሷ ዕዳ ነበር፤ ደወለች።

የኔአለም ስልኩን አነሣች። አሰጋሽ ገና አፏን ሳትከፍት፣ «ማንኮራፋቱ ስንት ሰዓት ላይ ቆመ?» አለቻት።