የአባዬ ቮልስ ጥቁር

አዲስ ቀለም መሥራት ከቀረ ወዲህ፣ አንዱን ነገር ለመቀባት ቀለሙን ከሌላው መምጠጥ ግድ ነው። እኔም አባዬ ከመሞቱ በፊት ማደስ የጀመረውን ቮልስ ለመጨረስ የቤታችንን ጥቁር ሁሉ ለቃቀምኩ። ጫማዬና ጃንጥላችን፣ የድስቱ እጀታ ሳይቀር ነጥተዋል። የቀረው ኮፈኑ ብቻ ነው።

ቀለም ቀቢው ጋሽ ይርዳው ያመጣሁለትን ካፖርት ከመኪናው በር ጋር አስተያይቶ መለሰልኝ።

«ይሄ ወደ ሰማያዊ ያደላል። የአባትህ ጥቁር ወደ ቡናማ ነው። ፀሐይ ላይ ያስታውቅብሃል።»

እንዲህ ያለ ጥቁር የት እንዳለ አውቅ ነበር። እማዬን የሐዘን ቀሚሷን ለመንኳት።

«ሙት ዓመቱ ሳይወጣ ከሌን አላወልቅም» አለችኝ። «ሰው ይቅር፣ እሱ ምን ይለኛል?»

ሦስት ቀን አኮረፍኳት።

በአራተኛው ቀን ጋራዥ ስደርስ ኮፈኑ ተቀብቷል። ከበሩ ምንም አይለይም።

«ከየት አገኙት?»

«እናትህ መጥተው ነበር» አለ ጋሽ ይርዳው፣ ፊቴን ሳያይ።

ቀሚሷን ሰጠችኝ ብዬ እያፈርኩ ወደ ቤት ሄድኩ። እማዬ ደጅ ልብስ ታሰጣለች። ቀሚሷ እንደ ጠቆረ ነው። ሻሿን ግን እስከ ቅንድቧ አውርዳ አስራዋለች። ከሥሩ አንዲት ዘለላ ፀጉር አምልጣለች። ትናንት አንድ ሽበት ያልነበረበት፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ቡናማ ይል የነበረው ፀጉሯ ጥጥ መስሏል።

ዘለላዋን በጣቷ ወደ ውስጥ እየመለሰች፣ «ገጠመልህ?» አለችኝ።