የዳኛው ትንፋሽ

የሰፈሩ የኳስ ዳኛ ድሮ ፊሽካውን ሲነፋ የጋሪ ፈረስ እንኳ ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር። ቬፕ የሚሉትን የኤሌክትሪክ ሲጋራ፣ ያውም የእንጆሪ ጣዕም ያለውን ጭስ መሳብ ከጀመረ ወዲህ ግን ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ነገር ትንፋሽህን ጨረሰው እኮ!» አለችው ሚስቱ።

«እንፋሎት ነው! ድንች ስትቀቅዪ ሳንባሽን አሞሽ ያውቃል? የእኔ ደረት የቀጥቃጭ ወናፍ ነው!» ብሎ አፍንጫዋ ሥር ቡልቅ አደረገው።

የዋንጫው ጨዋታ ሊያልቅ ሲል የላይ ሰፈር አምበል ሸዋፈራሁ ኳሷን በእጁ መትቶ መረብ ውስጥ ከተታት። ዳኛው በዓይኑ በብረቱ አይቷል። ፊሽካውን ጎርሶ ነፋ። ፍስስ አለ። ደግሞ ቢሞክር ሳል አጣደፈው፤ ጉልበቱን ይዞ አጎነበሰ። ቀና ሲል የታች ሰፈር ልጆች ከበውታል።

«በእጁ ሲመታ እያየህ ለምን አልነፋህም? ትንፋሽ አጥሮህ ነው አይደል?»

«ማን? እኔ?» አለ ደረቱን ገልብጦ። «ያልነፋሁት ጎል ስለሆነ ነው! ጎል ነው ብያለሁ፣ ጎል ነው!»

ዋንጫው ወደ ላይ ሰፈር ሄደ። ሸዋፈራሁ በጭፈራው መሀል መጥቶ ዳኛውን አቀፈውና ኪሱ ውስጥ አንድ ነገር ሸጎጠለት።

«ጋሼ፣ ያኔ የሰጠሁዎት የእንጆሪው ሳያልቅ አይቀርም። ይኼው የማንጎ።»