«ደከመኝ» ባዩ ልብስ ሰፊ

«ደከመኝ... እዚህ እንረፍ።»

ልብስ ሰፊው ይህን ብሎ ሳይክሉን የነዳጅ ማደያው አጥር ላይ አስደገፈና ወደ ቧንቧው ሄደ።

በሌላ ሳይክል አብሮት ያለው ጓደኛው ሹፌሩ ፀጉሩን ሊነጭ ምንም አልቀረው።

«አሁንም?! ጠዋት ደከመኝ፣ ቀትር ላይ ደከመኝ... ሰውዬ፣ ሳይክሉን ትነዳዋለህ ወይስ ተሸክመኸው ነው የምትሄደው?»

«ምን ላድርግ... ደከመኝ አልኩህ እኮ።»

«ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ አደረግከን!»

ሦስተኛው ጓደኛቸው ጋሼ ቀስ ብለው ከሳይክላቸው ወርደው ጥላ ስር ተቀመጡ።

ቆይ፣ መጀመሪያ ላስተዋውቃችሁ...

ሦስቱም የአንድ ሰፈር ሰዎች ናቸው። እሁድ እሁድ አብረው ሳይክል ይነዳሉ። ጋሼ ጡረታ የወጡ ብረት በያጅ ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከቤት የሚያስወጣቸው ነገር ቢኖር ያቺ ሳይክል ብቻ ናት።

ልጃቸው ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው። «አባቴ ወድቆ ይሰበርብኛል» እያለች እንቅልፍ አጥታለች።

«አባዬ፣ በሳይክል እመጣለሁ ካልክ ና። ግን ዝልፍልፍ ብለህ ከደረስክ ሳይክሏን እኔ ጋ ትተዋታለህ። ቃል ግባልኝ!»

ጋሼ ቃል ገቡ። ሹፌሩና ልብስ ሰፊውም «ብቻዎን አይሄዱም» ብለው አብረዋቸው ወጡ። መንገዱ ደግሞ የቀናት መንገድ ነው።

የመጀመሪያው ቀን አመሻሽ ላይ፣ ማደሪያቸው እንደደረሱ ልብስ ሰፊው ሕግ አወጣ።

«ሳይታጠብ የሚተኛ የለም! ላቡን ይዞ የተኛ ሰው ነገ ሳይክል ላይ መቀመጥ አይችልም። ቁምጣችሁን ደግሞ አምጡ፣ እኔ አጥበዋለሁ። በእናንተ አስተጣጠብ ስፌቱ ይተረተራል።»

«እሰይ! ሚስቴ እንኳ እንዲህ አታደርግልኝም» ብሎ ሹፌሩ ቁምጣውን ወረወረለት። ጋሼ ግን ትንሽ አመነቱ... ከዚያ ሰጡት።

በማግስቱ ነው እንግዲህ ልብስ ሰፊው «ደከመኝ» ማለት የጀመረው።

ዳገት ሊጀምር ሲል... ደከመኝ።

ፀሐይ ስትበረታ... ደከመኝ።

ምሳ ከበሉ በኋላ... «ትንሽ ካላሸለብኩ አልንቀሳቀስም።»

ቧንቧ ካየማ አለቀ! ሳሙናና ፎጣውን ይዞ ይወርዳል፣ ሁሉንም ያስታጥባል። ሹፌሩ «አቶ ደከመኝ» የሚል ስም አወጣለት።

አሁን ወደ ነዳጅ ማደያው እንመለስ...

የልጅቷ ከተማ ከፊታቸው ካለው ዳገት ማዶ ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ መንገዱ ጭቃ በጭቃ ሆኗል።

«ዳገቷን ከወጣን እኮ ደረስን! ጋሼ፣ እሱን ይተዉትና እኛ እንሂድ።»

«አንተ ቅደም ልጄ። እኔ ከእሱ ጋር እቆያለሁ።»

እልህ ምላጭ ያስውጣል አይደል የሚባለው? ሹፌሩ ብቻውን ዳገቱን ተያያዘው።

ከጭቃው ጋር ሲታገል ቆይቶ፣ ከሰዓታት በኋላ ደረሰ። ግን አደራረሱ...

ከጫማው እስከ ቅንድቡ ጭቃ ነው። ልጅቷ በር ስትከፍትለት «ውሃ...» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣውም። በረንዳው ላይ ዘጭ አለ።

ልጅቷ ክው አለች።

«ይሄ ጎረምሳ እንዲህ ከሆነ አባቴማ አለቀለት! ዛሬ ያቺን ሳይክል ካልሸጥኳት!»

ውሃውን ሰጠችውና የመኪናዋን ቁልፍ ይዛ እየሮጠች ወጣች። አባቷን ልታመጣ።

የግቢውን በር ስትከፍት... ቂሊሊሊል!

የሳይክል ደወል ነው።

ጋሼ! ጭቃው እስኪጠግግ አርፈው፣ ተኝተው፣ ታጥበው ነው የመጡት። ልብስ ሰፊው በፌስታል ጠቅልሎ ያቆየላቸውን ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰዋል። ሳሙና ሳሙና ይሸታሉ። ወረዱና ልጃቸውን አቀፏት።

«አባዬ... አልደከመህም እንዴ?»

ጋሼ ዞረው ከኋላቸው የደረሰውን ልብስ ሰፊ አዩት።

«እኔማ አልደከመኝም ልጄ። የደከመልኝ እሱ ነው።»

በረንዳው ላይ ሲደርሱ ሹፌሩ ቀና አለ።

«እንዴ ጋሼ! መንገዱን ሁሉ 'ደከመኝ' ሲል የነበረ ሰው ነው የደከመልዎ?»

«አዎ እሱ። የመጀመሪያ ቀን ቁምጣዬን ሲያጥብ ደም አየበት። መቀመጫዬ ተልጦ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም፣ አፈርኩ። ብናገር ደግሞ ትመልሱኛላችሁ። ጠዋት ቁምጣዬን ስዘረጋው ውስጡ ለስላሳ ጨርቅ ተሰፍቶበታል። የቁስል ቅባትም አስቀምጦልኛል። እሱም ምንም አላለኝ፣ እኔም ምንም አላልኩት። ከዚያ ወዲህ እኔ በዛልኩ ቁጥር... 'ደከመኝ' የሚለው እሱ ነው።»

የሹፌሩን ፊት ጭቃ ባይሸፍነው ኖሮ እንዴት እንዳፈረ ታዩ ነበር!

«አንተ... ለእኔስ ምናለ ብትነግረኝ?» ብሎ ወደ ልብስ ሰፊው ዞረ።

ልብስ ሰፊው ግን ወንበር ላይ ቁጭ እንዳለ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ እንቅልፍ ወስዶታል። የአሁኑ የእውነት ድካም ነው። አሁን ግን «ደከመኝ» አላለም።

ሹፌሩ ቀስ ብሎ ተነሳ። የልብስ ሰፊውን ቦርሳ ከፈተና የቆሸሸ ቁምጣውን አወጣ።

«እህቴ... ቧንቧው የት ነው?» አላት።

ሳይክሏስ አትሉም? ልጅቷ ራሷ አጥባ፣ ለመልሱ መንገድ አዘጋጀቻት።

ወዳጆቼ... «ደከመኝ» ያለ ሁሉ ሰነፍ አይደለም። አንዳንዱ ሰው ጓደኛው እንዳያፍር ብሎ ስንፍናውን ራሱ ላይ ይለጥፋል። ለስድብ ከመቸኮላችን በፊት ማንን እያሳረፈ እንደሆነ እንይ።

እናንተስ? አፍ አውጥታችሁ ሳትናገሩ ድካማችሁን አይቶ፣ «እኔ ደከመኝ» ብሎ ያሳረፋችሁ ሰው አለ? ምን አድርጎላችሁ ነበር? ኮመንት ላይ አጫውቱን... ለእሱም ዛሬውኑ ደውሉለት።